የዛንዚባር ባሕር ያሳምማል?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ዶክተር። ጥር ላይ ሠርጌ ነው። ለጫጉላ ሽርሽር ዛንዚባር ልንሄድ ትኬት ቆርጠናል። አምና እዚያ የሄደች ጓደኛዬ ግን ተቅማጥ አጣድፏት፣ ጆሮዋንም አሟት ተመለሰች። «ባሕሩ ውስጥ የሽንት ቤት ፍሳሽ ይለቁበታል» ትለኛለች። ፎቶው ላይ ግን ውኃው ጥርት ያለ ነው። እውነቷን ነው? ሲፕሮ ገዝተን እንያዝ?

መልስ፦ አስቀድሜ እንኳን ደስ ያለዎት። ትኬቱን አይሰርዙት። የጓደኛዎ ወሬ ግን ውሸት አይደለም።

ስቶን ታውን የሚባለው የዛንዚባር አሮጌ ከተማ የፍሳሽ መስመሩ ያረጀ ነው። ብዙው ፍሳሽ ሳይጣራ ባሕር ውስጥ ይገባል። አመሻሹ ላይ ፎሮዳኒ የሚባለው የባሕር ዳር መናፈሻ ጋ የሰፈሩ ልጆች ከግንቡ እየዘለሉ ሲገቡ ያያሉ። ማየቱ ደስ ይላል፤ እርስዎ ግን እዚያ አይዋኙ። በስተ ሰሜን ያሉት ኑንግዊና ኬንድዋ፣ በስተ ምሥራቅ ያለችው ፓጄ ከከተማው ሩቅ ናቸው፤ እነሱ ይሻላሉ። ከባድ ዝናብ ከጣለ ግን የትም ቢሆኑ አንድ ሁለት ቀን ይታገሡ። ጎርፉ ያጠበው ሁሉ መጨረሻው ባሕር ነው።

ፎቶውን አይመኑት። ከሰገራ የሚመጡ ጀርሞች ውኃ አያደፈርሱም። የፊሊፒንሷ ቦራካይ በነጭ አሸዋዋና በጥርት ያለ ባሕሯ ዓለም ያወቃት ደሴት ናት። ሆኖም በ2018 (እ.ኤ.አ.) መንግሥት ከሚያዝያ እስከ ጥቅምት ለስድስት ወር ዘጋት። ምክንያቱ ፍሳሽ ነበር፤ ፍሳሻቸውን በቀጥታ ወደ ባሕር የሚለቁ ሆቴሎችና ቤቶች ተገኝተው ነበር።

እንደ እኔ ከሆነ ግን ጓደኛዎን ያሳመማት ባሕሩ ላይሆን ይችላል። የዛንዚባር ዳርቻ መሬት አብዛኛው ቀዳዳ የበዛበት የኮራል ድንጋይ ነው። የሽንት ቤት ጉድጓድ ውስጥ ያለው ፍሳሽ እንደ ወንፊት ያልፍበትና ከከርሰ ምድር ውኃው ጋር ይገናኛል። ሰውም ውኃውን የሚቀዳው ከዚያው ነው። ስለዚህ የሚያሰጋኝ በረዶው ነው። ሰላጣውም፣ ያ የሚያጓጓው የሸንኮራ ጭማቂ ከነበረዶውም እንደዚያው። የታሸገ ውኃ ይጠጡ፤ ጥርስዎንም በእሱ ይቦርሹ።

ሲፕሮውን ይተዉት። እኛ አገር ሆድ ቁርጠት ሲሰማን ሲፕሮ፣ ካልሆነ ቲኒዳዞል መዋጥ ልማድ ሆኗል፤ መድኃኒቱ የለመዳቸው ጀርሞች የበዙትም በዚሁ ነው። የመንገደኛ ተቅማጥ አብዛኛው በጥቂት ቀን በራሱ ይቆማል። ይልቅ ለምለም (በውኃ የሚበጠበጠውን የተቅማጥ ዱቄት፣ ኦአርኤስ) ይያዙ። ፓኬቱ ላይ በተጻፈው ልክ በንጹሕ ውኃ በጥብጠው ቶሎ ቶሎ ይጠጡ። ደም የቀላቀለ ተቅማጥ ወይም ትኩሳት ካለ፣ የጠጡት ሁሉ ከተመለሰ፣ ወይም ተቅማጡ ማቆሚያ አጥቶ ውኃ ውኃ ብቻ ከሆነ ግን ሳይውሉ ሳያድሩ ወደ ሕክምና ይሂዱ። የመጨረሻው ኮሌራም ሊሆን ይችላል።

ጆሮን በተመለከተ፣ ውኃ ሲገባ በጥጥ መጎርጎር ነው ነገር የሚያበላሸው። ራስን ዘንበል አድርጎ ማፍሰስና ውጭውን በፎጣ ማድረቅ ይበቃል። ጆሮዎን ሳብ ሲያደርጉት ካመመዎ የጆሮ ቱቦው ተመርዟል ማለት ነው፤ ጠብታ ያስፈልገዋል፣ ከመዋኘትም ያረፉ። እግርዎ ላይ ቁስል ካለ እስኪደርቅ ባሕር አይግቡ። በተለይ የስኳር ወይም የጉበት ሕመም ያለበት ሰው በዚህ አይቀልድ።

ክትባትም ላንሳ። ኢትዮጵያ ያደግን ብዙዎቻችን ሄፓታይተስ ኤ የሚባለው የጉበት በሽታ በልጅነታችን ሳናውቀው ይዞን አልፏል። እጮኛዎ ውጭ አገር ያደጉ ከሆነ ግን ክትባቱን ይውሰዱ። የቢጫ ወባ ካርዳችሁንም አትርሱ፤ ከኢትዮጵያ ለሚገባ መንገደኛ ታንዛኒያ ትጠይቃለች።

ብዙ ሰው የማያስበው ደግሞ ቢልሃርዚያ ነው፤ ውኃ ውስጥ በቆዳ የሚገባ ትል የሚያመጣው በሽታ። ጨው ውኃ ውስጥ አይኖርም፤ በደሴቲቱ ባሉ ጅረቶችና ኩሬዎች ውስጥ ግን አለ። አስጎብኚው «እዚህ ቀዝቀዝ በሉ» ቢላችሁ እግራችሁንም አታስገቡ። ምናልባት ገብታችሁ ከነበረና ከሳምንታት ወይም ከወራት በኋላ ሽንታችሁ ደም ከቀላቀለ፣ ሽንት ተመርመሩ። የት ውኃ ውስጥ እንደገባችሁም ለሐኪሙ ንገሩት፤ ካልነገራችሁት በሌላ በሽታ ጠርጥሮ ሊያደክማችሁ ይችላል።