ከመድኃኒቱ በፊት መስኩን እዩ፦ ለወጣት የእንስሳት ሐኪሞች

ውድ የሙያ ልጆቼ፣

የጉበት ትል የሚበዛው በኦርጋኒክ የወተት ላሞች ነው ወይስ በመደበኛው መንገድ በሚረቡት? ይህን ደጋግማችሁ ትጠይቁኛላችሁ። እኔም መልሼ ላሟ የት እንደምትግጥ እጠይቃችኋለሁ። ፋሲዮላ፣ ማለትም የጉበት ትሉ፣ የሚፈልገው ረግረጋማ መሬት፣ በጭቃ ላይ የምትኖር ትንሽ ቀንድ አውጣና ከ10 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያላነሰ ሙቀት ነው። ከእንቁላል የወጣ አንድ እጭ በቀንድ አውጣዋ ውስጥ በመቶዎች ይባዛል፤ ከዚያ ወጥቶ ሣር ላይ ተጣብቆ ላሟን ይጠብቃል። የኦርጋኒክ ደንብ ላሞች ወደ መስክ እንዲወጡ ስለሚያስገድድ የመጋለጥ ዕድላቸው ሊሰፋ ይችላል። ነገር ግን እነርሱን ዓመቱን ሙሉ በረት ውስጥ ከሚመገቡ ላሞች ጋር ስታወዳድሩ፣ ልዩነቱን ያመጣው ግጦሹ ሊሆን ይችላል። ይህን ለይቶ ያላየ ጥናት ስታነቡ ተጠንቀቁ።

ላም በሽታውን ለወራት ደብቃ ትሸከማለች። ወተቷ ጥቂት ይቀንሳል፣ ትከሳለች፣ መፀነስ ይዘገይባታል፤ ባለቤቷም መኖውን ይጠረጥራል። ምርመራውም ያታልላል። ትሉ እንቁላል መጣል የሚጀምረው ላሟ እጩን ከዋጠች ከ10 እስከ 12 ሳምንት ገደማ በኋላ ነው፤ እስከዚያ ግን ጉበቷን እየበሳ ሲጓዝ ቆይቷል። እንቁላሉ ከባድ ስለሆነ እበቱን በማዝቀጥ ዘዴ መርምሩ፤ በተለመደው የማንሳፈፍ ዘዴ በቀላሉ ያመልጣችኋል። ከወተት ማጠራቀሚያው የሚወሰድ ናሙና መንጋው ለትሉ መጋለጡን ይነግራችኋል፤ የትኛዋ ላም እንደታመመች ግን አይነግራችሁም። በናሙናው የሚለካው ፀረ እንግዳ አካል፣ ማለትም የላሟ ሰውነት ትሉን ለመከላከል የሚያመርተው ንጥረ ነገር፣ ከሕክምና በኋላም ለወራት ስለሚቆይ ውጤቱን በጥንቃቄ ተርጉሙ። ከቄራ የሚመጣውን የጉበት ሪፖርት ጠይቁ፤ ብዙዎች ይረሱታል።

የአውሮፓ ኅብረት የኦርጋኒክ ደንብ 2018/848 ኬሚካላዊ መድኃኒትን ለመከላከያ ብሎ መስጠትን ይከለክላል፤ ከሕክምና በኋላ ወተቱ ከገበያ የሚታገድበትንም ጊዜ በእጥፍ ያራዝማል፣ ከ48 ሰዓትም እንዳያንስ ያዛል። ነገር ግን የታመመች ላም ወዲያውኑ እንድትታከምም ያዛል። በኦርጋኒክ ስም ሕክምና የሚነፍግ ሰው ካጋጠማችሁ በግልጽ ተቃወሙት፤ ላሟ ስትሰቃይ ማየት የደንቡ ዓላማ አይደለም።

በሌላ በኩል የቀን መቁጠሪያ እያዩ መንጋውን ሁሉ መድኃኒት ማጠጣት በመደበኛው እርባታ የተለመደ ነው፤ ይህም ያሳስበኛል። ትሪክላቤንዳዞል ያላደገውንም ትል የሚገድል ብርቱ መድኃኒት ነው፤ ትሉ እንደተላመደው ግን ከአውስትራሊያ በ1990ዎቹ አጋማሽ (እ.ኤ.አ.) ተዘግቧል። በብዙ አገሮች ለምትታለብ ላም አይፈቀድም። አልቤንዳዞል ደግሞ የሚገድለው ያደገውን ትል ብቻ ነው። ስለዚህ ላሟ ወተት የምታቆምበትን ወቅት ለሕክምና ተጠቀሙ፤ ረግረጉን እጠሩ፤ የሚያፈስ የውኃ ገንዳ ካለ አስጠግኑ። መድኃኒት በሰጣችሁ በ3ኛው ሳምንትም እበቱን መልሳችሁ መርምሩ፤ እንቁላል አሁንም ካገኛችሁ፣ መጠኑን ከመጨመራችሁ በፊት የላሟን ክብደት በትክክል መገመታችሁንና መድኃኒቱ ትሉን በደረሰበት የዕድገት ደረጃ የሚገድል መሆኑን አጣሩ።