የአንባቢያን ጥያቄዎች፦ ስለ አልፒን ኤ110 እና ሌሎችም

ባለፈው ስለ ፈረንሳይ አሮጌ የስፖርት መኪኖች ጽፌ ነበር። ከዚያ በኋላ የመጡት ጥያቄዎች አብዛኞቹ ስለ አንዲት መኪና ናቸው፤ ስለ አልፒን ኤ110። ዓመቶቹ በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

አልፒን የሬኖ መኪና ናት ወይስ ራሷን የቻለች?

ሁለቱንም ነበረች። ዣን ሬዴሌ ዲየፕ በምትባል የሰሜን ፈረንሳይ የወደብ ከተማ ሬኖ ይሸጥ ነበር። በትንሿ ሬኖ 4ሲቪ ራሱ ይወዳደር ነበር፤ ያሸንፍም ነበር። በ1955 የራሱን ድርጅት አቋቋመ። ስሙን የወሰደው በአልፕስ ተራሮች ካደረገው ውድድር ነው። ሞተሩ ግን ሁሌም ከሬኖ ነበር። በ1973 ሬኖ ድርጅቱን ተረከበው።

ለምን ሁሉም ሰማያዊ ናቸው?

ሁሉም አይደሉም። ሰማያዊ የፈረንሳይ የውድድር ቀለም ስለሆነ ነው በብዛት የምታዩት።

የፈረስ ጉልበቷ ስንት ነው?

አምስት ሰው ይህንን ጠየቀኝ። ክብደቷን የጠየቀ አንድም የለም! የዚህች መኪና ነገር ያለው ግን እዚያ ላይ ነው።

በ1962 ስትወጣ ሞተሯ 956 ሲሲ ነበር፤ ከሬኖ 8 የቤት መኪና የተወሰደ። በኋላ የሬኖ 16 ቲኤስ ሞተር ተገጠመላትና 1600ኤስ የተባለችው ዓይነቷ 138 የፈረስ ጉልበት አገኘች። ዛሬ ልጆች ትምህርት ቤት የሚያደርስ መኪናም ይህን ያህል አለው። ግን እሷ 700 ኪሎ ገደማ ናት። መሃሏ ላይ እንደ አከርካሪ የተዘረጋ የብረት ሻሲ አለ፤ በላዩ የፋይበር ቦዲ ተጭኗል። ከፍታዋ 113 ሴንቲ ሜትር ነው። አንዷን አጠገቧ ቆሜ አይቻታለሁ፤ ጣሪያዋ ሆዴ ጋ ነበር።

ተራራ ላይ፣ በረዶ ላይ፣ ኩርባው በማያልቅ መንገድ ላይ አስቧት። ቀላል መኪና ቶሎ ትቆማለች፣ ቶሎ ትታጠፋለች። ሞተሯ ከኋላ ስለሆነ ክብደቱ የሚገፉትን ጎማዎች መሬት ላይ ይጫናቸዋል፤ በረዶ ላይ ትቆነጥጣለች። በ1971 ሹፌሩ ኦቬ አንደርሰን በእሷ የሞንቴ ካርሎን ራሊ፣ ማለትም በተራ መንገድ ላይ በሰዓት የሚለካውን ውድድር፣ አሸነፈ።

ከዚያ 1973 መጣ፤ የዓለም የራሊ ሻምፒዮና የተጀመረበት ዓመት። ሞንቴ ካርሎ ላይ ዣን ክሎድ አንድሩዌ፣ «ቢሽ» ከምትባለው ረዳቱ ጋር፣ የቡድን ጓደኛውን አንደርሰንን በ26 ሰከንድ ቀደመው። ሦስተኛውም አልፒን ነው። ከ13ቱ ውድድሮች ስድስቱን ወሰዱ፦ ሞንቴ ካርሎ፣ ፖርቱጋል፣ ሞሮኮ፣ አክሮፖሊስ፣ ሳንሬሞ፣ ኮርሲካ። ያኔ ዋንጫው ለአምራች ብቻ ነበር፤ ፊያትንና ፎርድን አስከትሎ ዲየፕ ገባ። መኪናዋ ከወጣች 11 ዓመቷ ነበር። ይህን ዕድል ነው የሚለኝን ሰው አልቀበለውም።

በቀጣዩ ዓመት ላንቺያ ስትራቶስ መጣች። ከመጀመሪያው ለራሊ ተብላ የተሠራች፣ የፌራሪ ሞተር የያዘች ናት። እሷን መቋቋም አልተቻለም። የአሮጌዋ ኤ110 ምርት በ1977 ቆመ።

የ24 ሰዓቱን የሌ ማን ውድድር አሸንፋለች?

አላሸነፈችም። በ1978 ያሸነፈችው ሌላዋ አልፒን፣ ኤ442ቢ ናት፤ ፒሮኒና ዦሶ ነበሩ የነዷት።

የሐረር ፔጆ 404 ታክሲ ከእነዚህ ጋር ይወዳደር ነበር ወይ?

ይህን የጠየቀው ልጅ ደስ አሰኝቶኛል። 404 በምሥራቅ አፍሪካው ሳፋሪ ራሊ በ1963፣ 1966፣ 1967 እና 1968 አንደኛ ወጥቷል። ሐረር ዳገት ላይ ያየኸው ጥንካሬ እዚያም የታወቀ ነው።



አውሮፓ ነው የምኖረው። አሮጌ ኤ110 ልገዛ ነው። ፋይበር ስለሆነች አትዝግም አይደል?

ወንድሜ፣ ረጋ በል። ቦዲዋ አይዝግም፤ ሻሲዋ ግን ብረት ነው። ላሜራ ቢሆን ዝገቱ ቀለሙን ፈንቅሎ ይታይህ ነበር። ፋይበር ይደብቀዋል። ከላይ እያብረቀረቀች ከስር የተበላች ልትሆን ትችላለች። ሌላም አለ፤ ስፔን፣ ሜክሲኮና ቡልጋሪያ ውስጥ በፈቃድ የተሠሩ አሉ፤ ተራዋን ወደ 1600ኤስ ቀይሮ በውድ የሚሸጥም አይጠፋም። የሻሲ ቁጥሩን ከሰነዱ ጋር አስተያይ።

የሰፈር መካኒክ አይበቃህም። አልፒን የሚያውቅ ባለሙያ ፈልግ፣ ክፈለው፣ በክሪክ አስነስቶ ከስር በባትሪ ይያት። ሻጩ እምቢ ካለ ትተህ ሂድ። እስከዚያ ግን ቀብድ እንዳትከፍል።