የአስቤስቶስ ካሳ፦ አባቴ ይፈርሙ ወይስ አይፈርሙ?

ይድረስ ለምክር አምድ፣

አባቴ 71 ዓመታቸው ነው። እ.ኤ.አ. ከ1982 እስከ 1994 ቨርጂኒያ ውስጥ፣ ኖርፎክ አካባቢ፣ በአንድ የግል የመርከብ ጥገና ድርጅት ሠርተዋል። ከአሮጌ መርከቦች ቧንቧና ቦይለር ላይ የአስቤስቶስ ሙቀት መከላከያውን ይልጡ፣ ያረጀ ጓርኒሲዮን (የቧንቧ መጋጠሚያ ማሸጊያ) ይፍቁ ነበር። ከዚያ በፊት ምጽዋ የባሕር ኃይል መካኒክ ነበሩ። ጡረታ ከወጡ 6 ዓመት ሆኗቸዋል። ከአራት ወር በፊት ሳንባቸው ዙሪያ ውኃ ተገኘ፤ ናሙና ተወስዶ ሜሶቴሊዮማ (በአስቤስቶስ ብናኝ የሚመጣ የሳንባ ሽፋን ካንሰር) ነው ተባለ። አንድ ጠበቃ ይዘን ነበር፤ አሁን አንድ የጓርኒሲዮን አምራች በ30,000 ዶላር እንስማማ ማለቱን ነግሮን በዚህ ሳምንት ፈርሙ ይለናል። ወዳጆቻችንም «ሲጋራ ያጨሱ ነበር፣ ምጽዋም ሠርተዋል፣ ድርጅቱም ተዘግቷል፤ የተገኘውን ተቀበሉ» ይላሉ። ምን ይሻላል?

ልጃቸው፣ ከአሌክሳንድሪያ

ውድ ጠያቂያችን፣

ለጊዜው ምንም አይፈረም። አባትዎን የሚመለከታቸው በተለምዶ ሎንግሾር አክት የሚባለው፣ እ.ኤ.አ. የ1927 የፌዴራል ሕግ ነው፤ በሥራ ለተጎዱ የወደብና የመርከብ ሠራተኞች አሠሪው ሳምንታዊ ካሳና ሕክምና እንዲከፍል ያዛል፣ የግል መርከብ ጠጋኞችንም ይሸፍናል። በአንቀጽ 33 መሠረት ሠራተኛው ከአሠሪው ሊያገኝ ከሚገባው ባነሰ ገንዘብ ከአምራች ጋር ሲስማማ፣ አስቀድሞ የአሠሪውንና የኢንሹራንሱን የጽሑፍ ፈቃድ ማግኘት አለበት። ቅጹ ኤልኤስ-33 ነው። ከፊርማ በኋላ የሚመጣ ፈቃድ ዋጋ የለውም። ሳያስፈቅዱ ቢፈርሙ ሳምንታዊው ክፍያ ብቻ ሳይሆን የሕክምና ወጪውም ይቀርባቸዋል። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤትም በ1992 አሠሪው ገና አንድ ሳንቲም ባይከፍልም የማስፈቀድ ግዴታው አለ ብሏል። አምራቾችን የሚከሱ ጠበቆች ሁሉ ይህን ሕግ አያውቁትም፤ ስለዚህ «ኤልኤስ-33 ተሞልቷል ወይ?» ብለው በኢሜይል ይጠይቁት። መልሱ ካላጠገበዎ ሎንግሾር የሚሠራ ሌላ ጠበቃ ይጨምሩ። በሎንግሾር ጉዳይ የጠበቃ ክፍያ በባለሥልጣን መጽደቅ ስላለበት፣ «ቅድሚያ ክፈሉ» የሚል ካጋጠመዎ ይለፉት።

30,000 ዶላሩ ከምን ጋር እንደሚነጻጸር ልንገርዎ። ሕመሙ ከጡረታ አንድ ዓመት ካለፈ በኋላ ለታወቀ ሰው ስሌቱ የሚነሣው ከቀድሞ ደመወዙ ሳይሆን ከአገር አቀፉ አማካይ ሳምንታዊ ደመወዝ ነው። የዚህ ሁለት ሦስተኛ ሐኪም በሚሰጠው የጉዳት መቶኛ ይባዛል። ለምሳሌ አማካዩ 1,000 ዶላር፣ ጉዳቱ 60 በመቶ ቢሆን በሳምንት 400 ዶላር ይሆናል፤ ሕክምናው ለብቻው ነው። ከሁለት ዓመት ባነሰ ጊዜ ውስጥ 30,000ውን ያልፋል።

ወዳጆችዎ ያነሷቸው ነገሮች አያስፈሩ። ሜሶቴሊዮማን ሲጋራ አያመጣውም፤ የሲጋራው ክርክር የሚጠነክረው የሳንባ ካንሰር ቢሆን ነበር። ምጽዋም አይደበቅ፤ በዚህ ሕግ ተጠያቂው ሠራተኛውን ለአስቤስቶስ ያጋለጠው የመጨረሻው የሎንግሾር አሠሪ ነው፣ የቀድሞው ተጋላጭነት ከኃላፊነት አያወጣውም። ድርጅቱ ቢዘጋም በዘመኑ የነበረው ኢንሹራንስ ይጠየቃል። በኪሳራ የተዘጉ አምራቾችም ቢሆኑ ብዙዎቹ የካሳ ፈንድ ትተዋል፤ በ1982 ኪሳራ ያወጀው የጆንስ ማንቪል ፈንድ ዛሬም ይከፍላል። የፈንዶቹንም ወረቀት ለሎንግሾሩ ጠበቃ ሳያሳዩ አይፈርሙ።

ጊዜው እንዳያልፍ፦ በሽታው ከሥራው መምጣቱ ከታወቀ በአንድ ዓመት ውስጥ ማሳወቂያው (ኤልኤስ-201)፣ በሁለት ዓመት ውስጥ ጥያቄው (ኤልኤስ-203) ይገባል። በቨርጂኒያ ሕግ አምራቹን ለመክሰስም ሐኪሙ ሕመሙን ከነገራቸው ቀን ጀምሮ ያለው ሁለት ዓመት ነው።

ማስረጃ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳተው ከሶሻል ሴኩሪቲ ነጻውን መግለጫ ይዞ በመምጣት ነው፤ እሱ የአሠሪ ስም የለውም። በኤስኤስኤ-7050 ቅጽ የአሠሪዎች ስም ያለበትን ዝርዝር ይጠይቁ፤ ክፍያ አለው። ሆስፒታሉ የናሙናውን ብሎክና ስላይድ እንዳይጥል በጽሑፍ ያሳውቁ። ሐኪሙ «ሜሶቴሊዮማ አለባቸው» ብሎ ብቻ እንዳያቆም፤ የመርከብ ጥገናው ሥራ ለሕመሙ አስተዋጽኦ ማድረጉን ይጻፍ።

ከሁሉ የሚያስቸኩለው የአባትዎ ቃል ነው። አቅም እያላቸው በቪዲዮ ይወሰድ፤ የመርከቦቹ ስም፣ ጓርኒሲዮኑ የመጣበት ካርቶን ላይ የነበረው ማርክ፣ አጠገባቸው ማን ይሠራ እንደነበር ይጠየቃሉ። እርስዎ አያስተርጉሙ፤ የተጋጣሚው ጠበቃ በኋላ «ልጅ ናት፣ አስተካክላ ነው የነገረችን» ይላል። ባለሙያ የአማርኛ አስተርጓሚ ይጠየቅ።

ይህን መጻፍ አያስደስትም፣ ግን እናትዎንም ማሰብ ያስፈልጋል። አባትዎ በዚህ ሕመም ቢያርፉ ባለቤታቸው ከአማካዩ ደመወዝ ግማሹን ያገኛሉ፤ ለቀብርም እስከ 3,000 ዶላር አለ። ይህ ግን በአባትዎ ጥያቄ በራሱ አይመጣም፤ በኤልኤስ-262 አዲስ ጥያቄ ይቀርባል። የጋብቻ ወረቀታቸው የኢትዮጵያ ከሆነ አሁኑኑ አስተርጉመው ያስቀምጡ። ወረቀት ከሌላቸው፣ ጋብቻውን የሚያውቁ ሽማግሌዎች በሕይወት እያሉ በኖተሪ ፊት ቃላቸውን ይስጡ።