መጸለይ ላቃታችሁ ልጆቼ

ልጆቼ፣ ሰላም ለእናንተ ይሁን።

ከነርስነት ሥራዬ በጡረታ ከተሰናበትሁ ወዲህ አብዛኛው ጊዜዬ የሚያልፈው ከእናንተ ጋር በመቀመጥ ነው። አንዳንዶቻችሁ እናት አባት ቀብራችሁ ትመጣላችሁ፤ አንዳንዶቻችሁ ወንድማችሁ በጦርነቱ ቀርቶ፣ አስከሬኑን እንኳ ሳታዩ። ከዐረብ አገር የምትደውሉልኝም አላችሁ፤ የእናታችሁን መርዶ በስልክ ሰምታችሁ፣ ለቅሶ መቀመጥ ተከልክላችሁ፣ የሰው ሕፃን ታቅፋችሁ ያለቀሳችሁ። ጥያቄያችሁ ግን ይመሳሰላል፦ «ሲስተር፣ መጸለይ አቃተኝ። እምነቴ ጠፍቶ ይሆን?»

አልጠፋም። ለምን እንዲህ እንደምል ልንገራችሁ።

የዐቢይ ጾም አራተኛው እሑድ መጻጉዕ ይባላል። 38 ዓመት በሕመም የኖረው ሰው ይታሰብበታል። ጌታ «ልትድን ትወዳለህን?» ብሎ ሲጠይቀው ሰውዬው ስለ ደዌው አላወራም፤ «ሰው የለኝም» አለ። ዕድሜዬን በሆስፒታል ስለ ጨረስሁ ይህ መልስ አያስገርመኝም፤ በየአልጋው ሰምቼዋለሁና። በማርቆስ ወንጌል ምዕራፍ 2 ደግሞ ሌላ ሽባ አለ፤ ይህኛው ሰው ነበረው። አራት ሆነው ተሸክመው አመጡት፤ በሕዝቡ ብዛት መግቢያ ቢያጡ ጣራ ነድለው ከነአልጋው አወረዱት። ጌታም እምነታቸውን አይቶ ኃጢአቱን ይቅር አለው። ሽባው ራሱ በዚያ ቀን በልቡ ምን ያስብ እንደነበር ወንጌሉ አይነግረንም። ምናልባት ተስፋ ቆርጦ ነበር። ምናልባት «ተዉኝ፣ አታድክሙኝ» ብሏቸው ነበር።

እናንተም አሁን በአልጋው ላይ ናችሁ። የሚሸከሟችሁን አትከልክሉ።

ይህን በዓይኔ ያየሁት የኤችአይቪ መድኃኒት ባልነበረባቸው ዓመታት ነው። በአገራችን መድኃኒቱ በነፃ መታደል የጀመረው በ1997 ዓ.ም. ነው፤ ከዚያ በፊት የነበረውን ዘመን ከእናንተ መካከል የሚያውቁት ወላጆቻቸውን የነጠቃቸው ናቸው። ዘመድ በሩን የዘጋባቸውን ሕሙማን የእድር እናቶች አጥሚት ይዘው ቤታቸው ድረስ እየሄዱ ያጥቧቸው ነበር። ከእነዚያ እናቶች አንዳቸውም ስለ ፈቃደ እግዚአብሔር ሲሰብኩ አልሰማሁም። አንሶላ ይለውጣሉ፣ ውዳሴ ማርያም ይደግማሉ፣ ይሄዳሉ፤ በማግሥቱ ይመለሳሉ። «እግዚአብሔር ትቶኛል» ይል የነበረ አንድ ጎልማሳ ከሳምንታት በኋላ አብሯቸው «አቡነ ዘበሰማያት» ሲል ሰምቻለሁ። ሌላው ደግሞ እስከ መጨረሻው አላለም። እርሱንም አልተለዩትም።

ስለዚህ ለቅሶ የሚደርሱትን በር አትዝጉባቸው። ብቻዬን መሆን እፈልጋለሁ ማለት በከተማ ወጣቶች ዘንድ እየተለመደ መጥቷል። ለጥቂት ሰዓት ደግ ነው፤ ለወር ግን አይሆንም። ሰልስት፣ አርባ፣ ሰማንያ፣ ሙት ዓመት ስንል ወግ ብቻ ይመስላችኋል። (ለተዝካር ሲባል ዕዳ ውስጥ መግባትን እኔም አልወድም፤ ጥቂት ነዳያንን አብልቶ ጸሎት ማስደረግ ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም።) ቀኖቹን ልብ ብላችሁ ተመልከቷቸው፤ መጀመሪያ ይቀራረባሉ፣ ኋላ ይራራቃሉ። ሐዘንተኛውን የሚጠይቀው ጎረቤት እየሳሳ ሲሄድ፣ ሐዘንተኛው ሊረሳ ሲል፣ ሰዎቹ እንደገና ይሰበሰባሉ።

ሆሳዕና ዕለት ከቅዳሴ በኋላ ደግሞ ለሁላችንም ጸሎተ ፍትሐት ይደረጋል። በሰሙነ ሕማማት ፍትሐት ስለማይደረግ፣ በዚያ ሳምንት ለሚያርፉት አስቀድሞ የሚደርስ ነው። ማን እንደሚሞት ማንም አያውቅም፤ ጸሎቱ ግን ቀድሞት ተጸልዮለታል። እናንተ አፋችሁ ሲዘጋ በቅዳሴው «ስላዘኑ» እየተባለ የሚጸለየው ለእናንተ ነው። ቃሉ ካልመጣላችሁ ከኋላ ቁሙና አድምጡ፤ ለጊዜው ይበቃል።

መቃብር የሌላችሁ፣ ለእናንተ የምለው ይከብደኛል። በ1971 ዓ.ም. ደርግ ፓትርያርኩን አቡነ ቴዎፍሎስንና የመካነ ኢየሱስን ቄስ ጉዲና ቱምሳን ገደለ። አስከሬናቸው የት እንደተጣለ አልተነገረም፤ አጽማቸው ተገኝቶ በክብር ያረፈው መንግሥቱ ከወደቀ በኋላ ነው። የቄስ ጉዲና ባለቤት ፀሐይ ቶሎሳ ደግሞ ያለ ፍርድ ወደ አሥር ዓመት ታሰሩ። ያ ሁሉ ዘመን ቤተሰብ ያለ ቀብር አዝኗል፤ ከሁለቱም አብያተ ክርስቲያናት ስማቸውን የሚጠሩ ሰዎች አልጠፉም። የእናንተንም ሟች ስሙን ለቄስ ወይም ለፓስተር ስጡ፤ አስከሬን ሳይገኝም ይጸለይለታል፣ ይታሰባል።

ብትቆጡስ? ተቆጡ፤ ግን ወደ እርሱ ዞራችሁ። መዝሙረ ዳዊት በአቤቱታ የተሞላ ነው። ጌታም በመስቀል ላይ «አምላኬ፣ አምላኬ፣ ለምን ተውኸኝ?» ያለው በዳዊት አፍ ነው። አልዓዛርን እንደሚያስነሣው እያወቀ እንባውን አፍስሷል። እንግዲህ «ክርስቲያን አያለቅስም» የሚላችሁ ሰው ይህን ከየት እንዳመጣው እኔ አላውቅም።

ገና ሐዘን ላልነካችሁም አንድ ነገር አለኝ። የኢዮብ ወዳጆች ሰባት ቀንና ሰባት ሌሊት ከእርሱ ጋር መሬት ላይ ዝም ብለው ተቀመጡ፤ ጥፋታቸው የጀመረው መናገር ሲጀምሩ ነው። «እግዚአብሔር የሚወዳቸውን ይወስዳል» አትበሉ፣ በተለይ ልጇን ለቀበረች እናት። ንፍሮ ይዛችሁ ሂዱ፤ ልጆቿን ትምህርት ቤት አድርሱላት፤ ከአርባው በኋላ ሰው ሲጠፋ እናንተ ደውሉ። መርዶንም በቴሌግራም መልእክት አትላኩ። ሽማግሌዎች ማለዳ ተሰብስበው ሄደው የሚያረዱት ያለ ምክንያት አይደለም። እኅታችሁ በቤይሩት ወይም በሪያድ ብትሆን እንኳ አጠገቧ የምትገኝ ጓደኛዋን ፈልጉና አስቀድማችሁ ንገሯት፤ ስትሰማ ክንዷን የምትይዛት ሴት ትኑር።

በመጨረሻ እንደ ነርስ ልናገር። በሐዘን እንቅልፍ ማጣት፣ ምግብ መጥላት ያለ ነው። ሳምንታት አልፈው ከአልጋ መነሣት ካቃታችሁ፣ ወይም መሞት ካማራችሁ ግን ለንስሐ አባታችሁ ንገሩ፣ በዚያው ቀንም ሐኪም ዘንድ ሂዱ። በኤችአይቪው ዘመን ጸበል ገብተው መድኃኒታቸውን የጣሉ ብዙ ሰዎች አይተናል፤ የያኔው ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ ጸበልና መድኃኒት አብረው እንዲወሰዱ በይፋ ሲናገሩ እኛ የጤና ባለሙያዎች እፎይ ብለን ነበር። ለአእምሮ ሕመምም ያው ነው። አዲስ አበባ ላላችሁ የአማኑኤል ሆስፒታል አለ፤ በየክልሉ ከተሞች የአእምሮ ሕክምና የሚሰጡ ሆስፒታሎች አሉ። ብቻችሁን መሄድ ከከበዳችሁ ከማኅበራችሁ ወይም ከሰንበት ትምህርት ቤታችሁ አንድ ሰው ይዛችሁ ሂዱ፤ ካርድ ማውጣቱንና ወረፋ መጠበቁን እርሱ ይሠራላችኋል።