«ሰው ነኝ» እና «ሰው ሁን»

ጥያቄ፦ ሀዋሳ ውስጥ የሥነ ዜጋ መምህርት ነኝ። አንድ ተማሪዬ «ደግነት የሰው ተፈጥሮ ነው» ብሎ ጻፈ፤ ጓደኛው «ተፈጥሮ ሳይሆን ጠባይ ነው» ሲል አረመው። የትኛው ልክ ነው? ተፈጥሮ ከሆነስ፣ ደግ ያልሆነውን ምን ልንለው ነው?

መልስ፦ በሰዋስው በኩል ሁለቱም እንከን የላቸውም። «ተፈጥሮ» ከ«ተፈጠረ» ስለ ወጣ ባለቤቱ የተሰጠው እንጂ የሠራው አይደለም። «ምግባር» ግን ከግእዙ «ገብረ» የመጣ ስለሆነ የአድራጊው ነው። «ጠባይ» መካከል ላይ ቆሟል። በጥንቱ ግእዝ «ጠባይዕ» ሲባል ተፈጥሮ ማለትም ነበር፤ ዛሬ ግን «ጠባይህን አርም» እንላለን፣ «ተፈጥሮህን አርም» የሚል አልሰማሁም። አራሚው ተማሪ የዛሬውን አማርኛ ይዟል።

እኔን የያዘኝ ሁለተኛው ጥያቄዎ ነው። «ሰው ሆኖ የማይሳሳት፣ እንጨት ሆኖ የማይጨስ የለም» ስንል ሰው መሆን ማመካኛ ነው። «እባክህ ሰው ሁን» ስንል ያው ቃል ዕዳ ይሆናል። በቀደም በሀዋሳው የዓሣ ገበያ በአሞራ ገደል ቆሮሶ ዓሣ ልገዛ ቆሜ፣ ከፊቴ የነበረ ወጣት በስህተት የተሰጠውን ትርፍ መቶ ብር ለሻጯ መለሰላት። «ለካ ሰው አለ!» አለች። ገበያው በሰው ታጭቆ ነበር! ከእግራችን ሥር አባ ኮዳ የሚባሉት ትልልቅ ወፎች የዓሣ አንጀት ይነጣጠቃሉ፤ አንዱንም «አባ ኮዳ ሁን» ያለው አልነበረም።

ፈላስፎቹ የሚከራከሩት በዚሁ ላይ ነው። ዴቪድ ሂዩም እ.ኤ.አ. በ1740 ባሳተመው ጽሑፍ ከ«ነው» (ከሆነው ነገር) ተነስቶ «ይገባል» (መሆን ያለበት) ላይ ዘሎ መድረስን ነቀፈ። ፈላስፋዋ ፊሊፓ ፉት እ.ኤ.አ. በ2001 በተቃራኒው ሞገተች፦ ሥሩ ያልጠነከረ ኦክ ዛፍ እንደ ዛፍነቱ ጉድለት እንዳለበት ሁሉ፣ ቃሉን የሚያጥፍ ሰውም እንደ ሰውነቱ ጉድለት አለበት። የሻጯ «ሰው» ለፉት የሚመሰክር ይመስላል። ግን አንቸኩል፤ ጀግናን «ወንድ ነው» ብለን የምናሞግሰውም በዚሁ አነጋገር ነው፤ በዚያ ግን ሴቶችን በደልን እንጂ የጀግንነትን ምንጭ አላገኘንም። ልማዳችን የቃሉን አጠቃቀም ያሳያል፣ የነገሩን እውነትነት ግን አያረጋግጥም።

እኔ ወደ አርስቶትል አደላለሁ። ድንጋይ አሥር ሺህ ጊዜ ወደ ላይ ቢወረወር ወደ ላይ መሄድን አይለምድም፤ ሰው ግን ደግነትን ይለምዳል። ተፈጥሮ የሰጠችን መቀበያውን ነው፤ የሚሞላው በልማድ ነው። ስለዚህ ለተማሪዎችዎ «ደግነት ለሰው ተፈጥሮ የተገባ ጠባይ ነው» የሚለውን ሐሳብ አቀርባለሁ፤ «የተገባ» የምትለዋን እንዳይጥሏት አደራ፣ ክርክሩ ሁሉ ያለው እሷ ውስጥ ነው። ደግ ላልሆነው «ክፉ» ወይም «ጨካኝ» ይበቃል። «ሰው አይደለም» የሚለውን ግን ከደብተራቸው ላይ ይሰርዙ፤ ሰው ካልሆነማ በምን አፋችን «ሰው ሁን» እንለዋለን?