የኤስኤቲ ሰዋስው በጆሮ አይሠራም

አንዲት የ12ኛ ክፍል ተማሪ ከባህር ዳር ስለ ኤስኤቲ፣ ማለትም ስለ አሜሪካ ኮሌጆች መግቢያ ፈተና፣ እንዲህ ስትል ጽፋልኛለች፦ «ጋሼ፣ ኤስኤቲ ልፈተን እየተዘጋጀሁ ነው። ሒሳቡ ብዙ አያስቸግረኝም። እንግሊዝኛው ላይ ግን ዓረፍተ ነገር የማረም ጥያቄ ገደለኝ። አራቱንም ምርጫ ሳነባቸው ሁሉም ልክ ይመስሉኛል፣ በመጨረሻ ለጆሮዬ ደስ ያለኝን እመርጣለሁ። የማጠናው ዘመዴ ከሰጠኝ የድሮ መጽሐፍ ነው። ምን ላድርግ? ከፍዬ ኮርስ ልግባ?»

እሺ የኔ ልጅ፣ ከመጽሐፉ እንጀምር። እዚያ ላይ የተሰመረበት ሐረግ አለ፣ አንደኛው ምርጫ ደግሞ «ምንም ለውጥ አያስፈልገውም» ይላል አይደል? እንደዚያ ያለ ጥያቄ አሁን አይመጣም። ከአሜሪካ ውጭ ላለነው ፈተናው እ.ኤ.አ. ከማርች 2023 ጀምሮ በኮምፒውተር ሆኗል። አሁን አጭር አንቀጽ ይሰጥሻል፣ ውስጡ ባዶ ቦታ አለ፣ ከአራቱ አንዱን መርጠሽ ትሞያለሽ። የማንበብና የመጻፍ ክፍሉ 54 ጥያቄ ሲሆን በሁለት ሞጁል ተከፍሏል፣ ለእያንዳንዱ 27 ጥያቄ 32 ደቂቃ አለሽ። ከ54ቱ ውስጥ ከ11 እስከ 15 የሚሆኑት ሰዋስው ናቸው። ሕጉ አልተለወጠም። ስለዚህ የመጽሐፉን ማብራሪያ አንብቢው፣ በጥያቄዎቹ ግን ራስሽን አትለኪ።

አሁን ወደ ጆሮሽ ልምጣ። እንግሊዝኛ እየሰማ ላደገ ልጅ እንኳ ጆሮ ሁልጊዜ አይሠራም፣ ምክንያቱም የተሳሳቱት ምርጫዎች የሚዘጋጁት ለጆሮ እንዲመቹ ተደርገው ነው። ያንቺ ጆሮ ደግሞ በአማርኛ ያደገ ነው። ይህ ምንም አያሳፍርም፣ ግን የት የት ላይ እንደሚያታልልሽ ማወቅ አለብሽ። አንቺ ሰዋስውን ከልጅነትሽ ጀምሮ በሕግ ነው የተማርሽው። ያ እዚህ ይጠቅምሻል፣ ተጠቀሚበት።

መጀመሪያ አራቱን ምርጫ ጎን ለጎን እይና የሚለያዩት በምን እንደሆነ ራስሽን ጠይቂ። የተለያየው ኮማና ነጥቡ ብቻ ከሆነ ጥያቄው አንዱ ዓረፍተ ነገር የት አልቆ ሌላው የት ይጀምራል የሚል ነው። ግሱ ከተለያየ ባለቤቱን መፈለግ ነው። ሙሉው ሐረግ ቦታ ከተቀያየረ ደግሞ ማን ምን አደረገ የሚለውን ነው የሚጠይቅሽ። ይህን ሳታውቂ አራቱን ደጋግመሽ ብታነቢ ሁሉም ልክ ቢመስልሽ አይገርምም።

የሰብጀክትና የቨርብ፣ ማለትም የባለቤትና የግስ፣ ስምምነትን እንውሰድ። በአማርኛ «የመንገዶቹ ጥራት ተሻሽሏል» ስንል ግሱ አጠገብ ያለው ባለቤቱ ራሱ፣ «ጥራት» ነው። እንግሊዝኛው «ዘ ኳሊቲ ኦፍ ዘ ሮድስ» ብሎ ይገለብጠዋል፣ ስለዚህ ግሱ አጠገብ የሚቀመጠው ብዙ ቁጥሩ «ሮድስ» ይሆናል። ጆሮሽ «ሃቭ» ይልሻል፣ መልሱ «ሃዝ» ነው። ፈተናው በመሃል አንድ ሳይሆን ሦስት እንዲህ ያለ ሐረግ ሊደረድርብሽ ይችላል። መድኃኒቱ እርሳስ ነው፦ «ኦፍ»ን፣ «ኢን»ን፣ «ዊዝ»ን ከነተከታያቸው ሰርዢ፣ በሁለት ኮማ መካከል የገባ ጭማሪንም ሰርዢ፣ ከዚያ የቀረውን አንብቢ። በፈተናው ቀን ማስታወሻ ወረቀት ይሰጥሻል፣ ባለቤቱንና ግሱን ብቻ ጻፊበት።

የዓረፍተ ነገር ወሰን ላይ ብዙ ልጆች ሲወድቁ አያለሁ። አማርኛ «ተነስታ፣ ቁርሷን በልታ፣ ደብተሯን ይዛ ወጣች» ብሎ አንድ ገጽ ሙሉ በነጠላ ሰረዝ ሊሄድ ይችላል፣ የሚዘጋው የመጨረሻው ግስ ነው። በእንግሊዝኛ ግን የራሱ ባለቤትና ጊዜ ያለው ግስ የያዘ ሐሳብ ብቻውን ሊቆም ከቻለ፣ ቀጥሎ ከሚመጣው ሌላ ሙሉ ሐሳብ ጋር በኮማ ብቻ አይገናኝም። ወይ ነጥብ፣ ወይ ሰሚኮለን (;)፣ ወይ ደግሞ ኮማ ከእንግሊዝኛው «አንድ» (and) ወይም ከ«በት» (but) ጋር ያስፈልገዋል። «ሃወቨር» ደግሞ አደገኛ ነው። ትርጉሙ ከ«በት» ጋር ስለሚቀራረብ ልጆች በሁለት ኮማ መሃል አስቀምጠው ሁለት ሙሉ ዓረፍተ ነገር ያያይዙበታል፣ ይህ ሁልጊዜ ስሕተት ነው። አንድ ነገር እዚህ ላይ ያዢልኝ፦ ሁለት ምርጫዎች ቃላቸው አንድ ሆኖ አንዱ ነጥብ ሌላው ሰሚኮለን ብቻ ካላቸው፣ ሥራቸው አንድ ስለሆነ ሁለቱም መልስ ሊሆኑ አይችሉም። ወዲያው ጣያቸው።

ተቃራኒው ስሕተትም አለ። ረጅም ዓረፍተ ነገር ይሰጥሽና ምርጫዎቹ «ትራክስ»፣ «ትራኪንግ»፣ «ቱ ትራክ»፣ «ሃቪንግ ትራክድ» ይሆናሉ። ሌላ ዋና ግስ ዓረፍተ ነገሩ ውስጥ አለ ወይ? ከሌለ መልሱ «ትራክስ» ነው፣ ሌሎቹ ብቻቸውን ዓረፍተ ነገር አያቆሙም።

ከሁሉም ረቂቅ የሚመስለኝ ግን ይሄ ነው። «ወደ ትምህርት ቤት ስሄድ ዝናብ መታኝ» ብትዪ አማርኛው ምንም ጉድለት የለውም፣ ምክንያቱም «ስሄድ» ውስጥ «እኔ» አለሁ። የእንግሊዝኛው «ዎኪንግ ቱ ስኩል» ግን የሚሄደው ማን እንደሆነ አይናገርም። ስለዚህ ከኮማው በኋላ መጀመሪያ የመጣው ስም ባለቤቱ ይሆናል፣ ዝናቡን ካስቀደምሽው ትምህርት ቤት የሚሄደው ዝናቡ ነው ማለት ነው። በእንዲህ ያለ ሐረግ የሚጀምር ጥያቄ ካየሽ ድርጊቱን የፈጸመው ማን ነው ብለሽ ጠይቂ፣ ከዚያ በዚያ ሰው ወይም ነገር የሚጀምረውን ምርጫ ያዢ። አብዛኛውን ጊዜ አንድ ብቻ ነው።

ስትለማመጂ ውጤት ብቻ ቆጥረሽ አትለፊ። ለተሳሳትሽው ጥያቄ ሁሉ የመረጥሽው ለምን እንደማይሆን በአንድ መስመር ጻፊ፣ በአማርኛም ይሁን ግድ የለም። «አይጥምም» ብለሽ ከጻፍሽ ገና አልገባሽም ማለት ነው፣ ተመልሰሽ አንብቢው። በገባሽ ጊዜ አንድ የሰዋስው ጥያቄ ከአንድ ደቂቃ በታች ይፈጅብሻል፣ የተረፈውን ለንባቡ ታውይዋለሽ። ያልገባሽንም ባዶ አትተዪ፣ የተሳሳተ መልስ ነጥብ አይቀንስም።

ኮርሱን በተመለከተ፣ አሁን አትክፈዪ። ብሉቡክ የሚባለው የፈተናው መተግበሪያ ሙሉ የልምምድ ፈተናዎች በነጻ አሉት፣ ካን አካዳሚም ለዚሁ ፈተና ነጻ ትምህርት ይሰጣል። የብሉቡኮቹ ብዙ ስላልሆኑ ባንዴ አትጨርሻቸው፣ ካን አካዳሚ ላይ ከተለማመድሽ በኋላ አንድ አንድ እያልሽ ውሰጃቸው። ፈተናው በስልክ ስለማይወሰድ ከአሁኑ ላፕቶፕ ተዋሺና በእሱ ተለማመጂ። ኢንተርኔት የሚያስፈልገው ለመጀመርና መልስሽን ለመላክ ነው፣ መሃል ላይ ቢቋረጥ ፈተናው አይቆምም፣ ስለዚህ አትደንግጪ። ፈተናውን በሚያዘጋጀው በኮሌጅ ቦርድ ድረ ገጽ ላይ የፈተና ጣቢያ ዛሬውኑ ፈልጊ። ከባህር ዳር ወጥተሽ መፈተን ግድ ከሆነ ለኮርስ ያሰብሽውን ብር ለጉዞና ለማደሪያ አስቀምጪው፣ ከፈተናው አንድ ቀን ቀደም ብለሽም ድረሺ።