የጃንጎን ሶሎ በየትኛው ጣት? ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ የጃዝ ጊታሪስቱን የጃንጎ ራይንሃርትን ሶሎ እየሰማሁ ታብ (የትኛውን ክር የት እንደምንይዝ በቁጥር የሚያሳይ ጽሑፍ) ስጽፍ አንዱን ኖታ ሦስት ቦታ አገኘዋለሁ። የቱን ልምረጥ?

መልስ፦ ቀኝ እጅህን አስቀድም። በጂፕሲ ጃዝ (የጃንጎ የጊታር ስልት) ወደ አዲስ ክር በተሻገርክ ቁጥር ፒኩ (ክር መምቻው) ወደ ታች ይመታል። የግራ እጅ መንገድ የሚወሰነው ከዚህ ነው። ኤ ማይነር አርፔጂዮን (የኮርዱን ኖታዎች አንድ በአንድ መምታት) ውሰድ። ስድስተኛው (ከሁሉም ወፍራሙ) ክር ላይ ፍሬት (የጊታሩ አንገት ክፍልፋይ) 5 እና 8፣ አምስተኛው ላይ 7። አራተኛው ላይ 7 እና 10፣ ሦስተኛው ላይ 9። ሁለተኛው ላይ 10 እና 13፣ አንደኛው ላይ 12። ፒኩ ታች፣ ላይ፣ ታች እያለ ሦስቴ ይደጋገማል። ሌባ ጣትና የመሃል ጣት ይበቁታል። አምስተኛው ፍሬት አካባቢ ከተቀመጥክ ግን ከአምስተኛው ክር እስከ ሁለተኛው በየክሩ አንድ ኖታ ብቻ ይደርስሃል። ፒኩ አንደኛው ክር እስኪደርስ አምስቴ በተከታታይ ወደ ታች ይወርዳል፣ ስዊንጉም (የጃዝ ምቱ ውዝዋዜ) ይላላል። ታብ ከመጻፍህ በፊት ፒኩን!

ጥያቄ፦ የትኛው ጊታር ይሻላል?

መልስ፦ እዚህ የምናወራው ስለ ጣት ነው።

አባል፦ ጃንጎ በሁለት ጣት ነው የተጫወተው። አራት ጣት መጠቀም ሙዚቃውን ማበላሸት ነው።

ሌላ አባል፦ የጂፕሲ ጃዝ ጊታሪስቱ ቢሬሊ ላግሬን አራቱንም ይጠቀማል። እሱም አበላሸ ልትል ነው?

አባል፦ እኔ ስለ ጃንጎ ነው የማወራው።

መልስ፦ ረጋ በሉ። ጃንጎ እ.ኤ.አ. በ1928 በደረሰበት የእሳት አደጋ የግራ እጁ የቀለበት ጣትና ትንሿ ጣት ተጎዱ። ሶሎውን በቀሩት ሁለቱ ይጫወት ነበር። የተጎዱትም ቢሆኑ ኮርድ ሲይዝ ቀጫጭኖቹ ክሮች ላይ ይሠሩ ነበር። እሱን ስትጽፉ በሁለት ጣት ሞክሩት፣ መንገዱ ይገለጥላችኋል። መድረክ ላይ ስትወጡ በፈለጋችሁት ጣት ተጫወቱ።

ጥያቄ፦ በጆሮ ብቻ ክሩን መለየት ይቻላል?

መልስ፦ ይቻላል፣ እህቴ! ያው አንዱ ኢ ኖታ ሦስተኛው ክር ፍሬት 9 ላይ፣ ሁለተኛው ፍሬት 5 ላይ፣ ደግሞም ክፍት አንደኛው ክር ላይ አለ። ከሦስቱ ወፍራሙ ክር ላይ ድምፁ ደፈን ይላል፤ ክፍቱ ያንጸባርቃል። ቅጂውን ቀስ አድርገሽ ሦስቱን አነጻጽሪ። በግማሽ ድምፅ እየተከታተለ የሚሮጥ ክሮማቲክ መስመር ከሰማሽ ደግሞ ብዙውን ጊዜ አንድ ጣት አንድ ክር ላይ ሲንሸራተት ነው። እዚያ አራት ጣት ደርድረሽ አትጻፊ። ፒኩንም አትርሺ።

ጥያቄ፦ ታዲያ የትኛው ፖዚሽን (የግራ እጅ ቦታ) ነው ትክክል?

መልስ፦ ከላይ መልሻለሁ። የትኛው ሶሎ? ስንተኛው ሰከንድ ላይ? እሱን ሳትነግረኝ ምን ልበልህ?

ጥያቄ፦ እ.ኤ.አ. በ1937 የተቀዳውን የጃንጎን «ማይነር ስዊንግ» ነው የምለው፣ ሲጀምር። ጊታሬ ከቅጂው ጋር አልገጥም አለኝ።

መልስ፦ የድሮ ሸክላ ቅጂ ፒቹ (የድምፁ ከፍታ) ትንሽ ሊዛነፍ ይችላል። ጊታርህን ከቅጂው ጋር ቃኘው፣ ከዚያ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ባር (የምት ክፍል) ከነፒክ አቅጣጫው ጽፈህ ላክልኝ።